ነጭ ካልሲ በሚያዝያ

ለጌዴኦዋ ገደብ ሕፃናት ነጭ ካልሲ ይሁን ብሎ የወሰነውን ሰው ባገኘው አልጣላውም። ቤቴ ጠርቼ ቡና አጠጣዋለሁ፤ ከአቦሉ እስከ በረካው አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ጓሮ እወስደውና ሳፋውን አሳየዋለሁ።

ካልሲ ደግሞ ምን ወግ ይወጣዋል የሚል አንባቢ ካለ፣ ሚያዝያን ገደብ ውሎ አያውቅም ማለት ነው። ወይም ልጅ የለውም። ወይም ልጅም ካልሲም ኖሮት የሚያጥብለት ሌላ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንብ የሚያወጣው እሱ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ጸደይ ሲሉት አደይ አበባ፣ ደመራና የጠራ ሰማይ ነው የሚመጣበት። የኛ ጸደይ ግን የሚጀምረው በመጋቢት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶ ሳምንት፣ ዐሥር ቀን ያህል ሲሆነው ቡናው ያብባል። ጠዋት በር ሲከፈት ሽታው ቤት ድረስ ይገባል፤ ጓሮው ሁሉ ነጭ በነጭ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ያስጎመዠንና ይረግፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ገደብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚውል ነገር የለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ዳገቱ ያንሸራትታል፣ አፈሩ ቀይ ነው። ይህን የገደብ ዶሮ ሳይቀር ያውቀዋል፤ በዝናብ ቀን ከእንሰቱ ሥር የማትወጣውም ለዚሁ ነው።

ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ትምህርት ቤት ናት፤ የሷ ዩኒፎርም ስለ ካልሲ የሚለው ነገር የለም፣ ዕድሜ ይስጠው። ትንሿ ገና ቆማ መሄድ መጀመሯ ነው፤ ካልሲ ለሷ እግር ላይ የሚደረግ ሳይሆን የሚታኘክ ነገር ነው። ጣጣው ያለው መካከለኛው ዘንድ ነው። እሱ ኬጂ ይሄዳል። ኬጂው ደግሞ ሰማያዊ ሹራብ፣ ግራጫ ሱሪ፣ ጥቁር ጫማና ነጭ ካልሲ ይላል።

ጠዋት ሲወጣ ብታዩት ለፎቶ የተዘጋጀ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ከሩቅ የሚታየው የእንሰት ቅጠል ነው። እናቱ የገዛችለትን ጃንጥላ ሳይዘረጋ መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ራሱን በእንሰት ቅጠል ከልሎ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ አንድም ሳይቀርበት እየረገጠ ይመጣል። ደጃፉ ላይ የቡና ጆንያ ዘርግተናል፤ እግር መጥረጊያ ነው። ዘሎት ያልፋል። ጫማው ሲወልቅ ካልሲው ተረከዙን ለቆ ወደ ጣቱ ተጠቅልሏል። ጫፉን ይዤ ስስበው ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ ጧ ብሎ ይወጣና ጭቃውን ግንባሬ ላይ ይረጨዋል። ነጭ ሆኖ የቀረው ላስቲኩ አጠገብ ያለው አንድ ጣት ያህል ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እኔም እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል። ቡናው፣ እንሰቱና አገር በቀሉ ዛፍ በአንድ ዳገት ላይ ተቃቅፈው፣ ገበሬው መሬቱን ሳያራቁት ለዘመናት መኖሩ የሚያኮራ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ልጄ በየቀኑ ከዓለም ቅርስ አንድ ጭብጥ ያህል ቤት ይዞ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ሳፋ ውስጥ አጥቤ እደፋዋለሁ። ይህ በሕግ ያስጠይቅ እንደሆነ እንጃ።

ካልሲ ማጠቡ የኔ ድርሻ ነው። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ማታ ነው የምትመጣው፤ ካልሲ ደግሞ ማታ ታጥቦ ለጠዋት አይደርስም። መጀመሪያ ሰሞን ሳፋውን ይዤ ጓሮ ስቀመጥ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ሚስትህ አሟታል እንዴ?»

«ደህና ናት እማማ፣ ሥራ ሄዳ ነው።»

«እሷስ ሥራ ሄዳ ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ቀጥለው ከበስተኋላቸው ላለ ሰው በጌዴኡፋ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ምን እንዳሉ ትልቋ ልጄ ታውቃለች፤ አልነግርህም ብላለች።

ባለሱቁ በረኪና ነው የሚለኝ። በሱ ቤት የማይነጣ ነገር የለም። አንድ የማውቀው የኬሚስትሪ መምህር ግን ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። የኛን አፈር ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ድንጋዩ በዝናብና በሙቀት ብዛት ፈርሶ ብረቱ ዝጎ የቀረ ነው። በረኪና ዝገትን አያነሳም፤ ይባስ ብሎ ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። የሚያነሳው ሎሚ ነው። እንግዲህ በወር የስንት ብር ሎሚ ለካልሲ፣ የስንት ብር ለሰላጣ እንደሚሆን በቤት በጀት ላይ አዲስ ርዕስ ተከፈተ። እማማ ደግሞ ሁለቱንም አይቀበሉም። የዛሬ ሳሙና ስሙ ብቻ ነው፤ እንዶድ ፈልግ፣ ነው ምክራቸው።

እንዶድ ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ፍሬው ደርቆ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲመታ አረፋ ይሰጣል፤ የአያቶቻችንን ጋቢ ለጥምቀት ያነጣው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በላይ ያለው ቀንድ አውጣ ደህና ነው፤ ከታች ያለው ሞቶ ተንሳፏል። ሌላው ሰው አይቶ ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ቆሙ። ከዚያ ቤተ ሙከራ፣ ጥናት፣ ክርክር። እንዶዱ በሽታ አስተላላፊውን እንደሚገድል ቢያሳዩም፣ ከአፍሪካ የመጣን ነገር የውጭው ዓለም ለማመን ዓመታት ወሰደበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። እሰየው። እኔ ግን ሳፋዬ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የማስበው እነዚያን ሴቶች ነው። ጉንብስ ብለው ሲያጥቡ የሳይንስ ታሪክ በጀርባቸው አለፈ። ምናልባትም ከመሃላቸው አንዷ ቀና ብላ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ውኃ ውኃውን የሚያየው? ሚስቱ አሟታል እንዴ?» ብላ ይሆናል።

ወደ ካልሲው ልመለስ። አይ፣ ቆይ፤ ማጠብ ከተነሳ ስለ ቡናም መናገር አለብኝ። ቡና አጥቦ ማዘጋጀት እኛ አካባቢ የገባው በይርጋጨፌ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው በማጠብ የሚስተካከለው የለም። እሸቱ ቡና ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ በቦይ ውኃ እየተገፋ ይታጠባል፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ብልሽቱን ይለቅማሉ፣ ያገላብጣሉ። ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ይሸፈናል፤ ሌሊት ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። እንዲህ እየተባለለት ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ቀን ይደርቃል። ከዚያ በየመንደሩ ስም፣ የወርቃ ነው፣ የባንኮ ጎቲቲ ነው፣ የጨልበሳ ነው እየተባለ ባሕር ይሻገራል፤ እዚያ ደግሞ አንድ ፈረንጅ በማንኪያ ፉት ብሎ «አበባ አበባ ይላል፣ ንጹሕ ነው» ይላል። በሚያዝያ የልጄ ካልሲ ለመድረቅ የሚወስድበት ጊዜ ከዚህ ብዙ አያንስም። ልዩነቱ ቡናው አልጋ አለው፤ ካልሲው የለውም። በዚህ ወር እኮ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው፤ ቡናው ገና ፍሬ እየቋጠረ ነው። ማኅበራቱ ለካልሲ ቢያከራዩን ምን ይላቸዋል?

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ካልሲ ይታያል። ያልነጣ ካልሲ ያደረገ ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ ለብቻው ይቆማል፤ ባንዲራ ሲሰቀል ጓደኞቹ ዞር እያሉ ያዩታል። አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ «አባዬ፣ ነገ ከዘነበ አልሄድም» አለኝ። ይሄ ልጅ ዝናብ ፈርቶ አያውቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ከቤት አይያዝም። የፈራው ካልሲውን ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን አንስቼ የተሰጠኝ መልስ «ነጭ ንጽሕናን ያስተምራል» የሚል ነበር። ማንን ነው የሚያስተምረው? ልጁን ጭቃ ኃጢአት መሆኑን ያስተምረዋል፤ የተማረው እሱን ነው። ከሱ ኋላ ደግሞ ባዶ እግሯን መጥታ በር ላይ የእህቷን ጫማ የምታጠልቅ ልጅ አለች። ለሷ ስለ ካልሲ ቀለም ምን ይነገራታል? እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሠርቶ፣ እግርን የሚያሳብጠው አንዱ ዓይነት ዝሆኔ ከትንኝ ሳይሆን ባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። መድኃኒቱ ጫማና ውኃ ነው፤ እግርን ታጥቦ መሸፈን። ካልሲ የተሠራው ለእግር ነው እንጂ ለሰልፍ አይደለም። ቡናማ ካልሲ እግር አይሸፍንም? ጥቁሩስ? እግሩ ደረቅ ሆኖ የዋለ ልጅ ካልሲው ቢጠቁር ምን ይሁን ነው የሚባለው? ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ባለቤቴ ኮቴን ጎተተችው። ተቀመጥኩ።

የተናደድኩት በመምህሯ እንዳይመስላችሁ። ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ አገኘኋት፤ ገና ልጅ ናት፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ ነው የምትመጣው። ለክፍል የሚሆነውን ጫማ በፌስታል ይዛ፣ በኮንጎ ጫማ ጭቃውን ተሻግራ፣ አጥሩ ሥር ባለው ቧንቧ እግሯን ታጥባ ነው በየቀኑ የምትገባው። «የኔም ካልሲ ነጭ መሆን አለበት እኮ» አለችኝ እየሳቀች። እዚያ ላይ አፌ ተያዘ።

ለነገሩ ስብሰባው መፍትሔ ሳይፈልግ አልተበተነም። አንድ አባት ካልሲው ቡናማ ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ አካባቢያችንንም ይገልጻል አሉ። ተጨበጨበ። ገበያ ላይ ሱቅ ያላቸው ሌላ ወላጅ ተነሥተው ከዲላ በደርዘን ያስመጡት ነጭ ካልሲ ገና እንዳልተሸጠ፣ ውሳኔው የነጋዴውንም ሁኔታ ማየት እንዳለበት አስረዱ። ለእሳቸውም ተጨበጨበ። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በዝናቡ ምክንያት እስካሁን አልተሰበሰበም።

እስከዚያው ማጠቤ አልቀረም። ሰሞኑን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የልብስ መቆንጠጫ። ገመድ አለ፣ የታጠበ ካልሲ አለ፣ መቆንጠጫ የለም። ብፈልግ ብፈልግ አልጋ ሥር ተገኘ፤ በረት ተሠርቶለታል። ቀያዮቹ በሬዎች ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ ላሞች፣ በሩ ጋ ያለው የተሰበረው ውሻ ነው። ሁለቱን አንሥቼ ልወጣ ስል ልጁ እጄን ያዘኝ።

«አባዬ፣ ይቺን አትውሰዳት፣ ክብድ ናት።»

ክብድ ላም ገመድ ላይ ማን ይሰቅላል? በቦታዋ መለስኳትና ካልሲዎቹን አጥሩ ላይ ሰጣኋቸው። አሁን ታዲያ ከእማማ ጋር የተያያዝነው በፍየላቸው ነው። እሳቸው ካልሲ አጥር ላይ ይሰጣል ወይ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ፍየል የሰው አጥር ላይ ትንጠለጠላለች ወይ እላለሁ። የበላችው አንዱን ብቻ ነው። የቀኙ ይሁን የግራው ግን ልጁም ሊለየው አልቻለም።