ጥቁርና ነጭ፣ በቤተሰብ ደረጃ

ቤተሰባችን ፎቶ የሚያነሳው በፊልም፣ ያውም በጥቁርና ነጭ ፊልም መሆኑን ተከትሎ ከዘመድም ከጎረቤትም ልዩ ልዩ ቅሬታዎች ቀርበውብናል። ቅሬታዎቹን እራት ላይ በጥሞና መርምረን ውኃ የሚያነሳ አንድም አላገኘንም። ይሁን እንጂ ዝም ማለት ጥፋትን እንደማመን ሊቆጠርብን ስለሚችል መልስ ለመስጠት ተገደናል።

ካሜራችን ዜኒት ኢ ነው። ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ የተሠራ ሲሆን አማቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ሁለት ቁም ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ሌላው ዲግሪያቸው ነው። ብርሃን የሚለካው በሴሊኒየም ስለሆነ ባትሪ አያውቅም፣ ቻርጅ አያውቅም። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ይህም እንደ ጉድለት ተነስቶብናል። ስልክ የነጠቀ ሌባ ሮጦ ያመልጣል፤ ዜኒት የነጠቀ ግን ሩቅ አይሄድም።

«ስልክ እያለ ምን በወጣችሁ?» ይሉናል። በትልቋ ልጃችን ስልክ ውስጥ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ብቻ የተነሱ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች አሉ። እሷን ጨምሮ ማንም አይቷቸው አያውቅም። አንድ ጥቅል ፊልም ግን 36 ፎቶ ይይዛል፣ አለቀ። ስለዚህ ማን ይነሳ፣ ስንት ጊዜ ይነሳ የሚለው በቤተሰብ ስብሰባ ይወሰናል። ለጥምቀት አክስቴ ሁለት ጠይቃ አንድ ተፈቅዶላታል። ዐይኑን የጨፈነ ሰው ኮታውን እንደተጠቀመ ይቆጠራል፤ ይግባኝ የለም። ይህ አሠራር ከተጀመረ ወዲህ በቤታችን ዐይን የሚያርገበግብ ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ ይልቁንም ሁሉም ሰው እንደደነገጠ ይታያል።

ቀለም የለውም ለሚሉን ደግሞ የባለቤቴን እህት ሠርግ እንጠቅሳለን። የሚዜዎቹ ቀሚስ ሐምራዊ ይሁን አረንጓዴ በሚል ሁለት ቤተሰብ ሊኳረፍ ነበር። በእኛ ፎቶ ላይ ሁሉም ግራጫ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ ያሸነፉ ይመስላቸዋል።

ሙያውን የቤተሰብ ማድረግም የእኛ ፈጠራ አይደለም። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶኒ ተላልፏል። በእኛና በቦያጂያኖች መካከል ያለው ልዩነት እነሱ ንጉሥ ያነሱ ነበር፣ እኛ አክስቴን፤ እነሱ ያነሱት ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ይለያል።

አሁን ብዙ ወደተወራበት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ልምጣ። ተነስቶ ያለቀ ፊልም ከቆርቆሮው ወጥቶ ወደ ማጠቢያ ታንክ የሚገባው በድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ቀይ መብራት እንኳ አይፈቀድም። በሩ ሥር ፎጣ ይወተፋል፤ የቁልፉ ቀዳዳ በፕላስተር ይደፈናል። ከዚያ ቆርቆሮው በቢራ መክፈቻ ይከፈታል፣ ጫፉ በመቀስ ይቆረጣል፣ ፊልሙ በዳበሳ ብቻ ጠመዝማዛ ቦይ ባለው ሪል ላይ ይጠቀለላል። ባለቤቴ መቀሱን ትይዛለች፣ ትልቋ የታንኩን ክዳን፤ ትንሹ ልጃችን ዝም የማለት ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በዚያች ሰዓት ስልኩን የነካ 36ቱንም ፎቶ ያጠፋል። ልጆችን ከስልክ ስለማራቅ ስንት ምክር ሰምተናል፤ ሽንት ቤት ውስጥ በጨለማ መቆለፍን ግን ያነሳልን ባለሙያ አልነበረም።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመቸው መብራት የጠፋ ጊዜ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሻማ ፍለጋ ሲተራመስ እኛ ፊልም ይዘን እንገባለን። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሲደሰት እኛ ቤት «ኧረ አጥፉ! አጥፉ!» ነው። አንድ ምሽት መብራቱ ሲጠፋ የመታጠቢያ ቤቱ ማብሪያ እንደበራ ቀርቶ ኖሮ፣ ፊልሙ ሪሉ ላይ ግማሽ ድረስ እንደተጠቀለለ አምፖሉ ቦግ አለ። ያም ፊልም እንደማንኛውም ፊልም በክብር ታጥቧል። ኔጋቲቩ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ ወረቀት ላይ ቢታተም ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ይወጣል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለመማር ለተነሳ ቤተሰብ ከዚህ የጠራ ትምህርት የለም። ሳሎን ሰቅለነዋል።

ፊልሙን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያመጣልናል፤ ሌላው ሰው ጫማ ሲያስመጣ እኛ ጥቅል ፊልም እናስመጣለን። የአዲሶቹ የአየር ማረፊያ መፈተሻ ማሽኖች ጨረር ያልታጠበ ፊልም ስለሚያበላሽ ዘመዳችን በእጅ ይፈተሽልኝ ብሎ መለመን አለበት። ሁለተኛ ጊዜ የሚያመጣልን ሰው አላገኘንም፤ ዘመድ ግን ብዙ ነው።

ፊልም የሚያጥበው ዲቨሎፐር እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ ፊታችንን ወደ ቡና አዙረናል። ይህ ቀልድ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህርና ተማሪዎቹ በሙቅ ውኃ የሚሟሟ የቆርቆሮ ቡና ከልብስ ማጠቢያ ሶዳ ጋር ተቀላቅሎ ፊልም እንደሚያጥብ አሳይተዋል፤ ኋላ ቫይታሚን ሲ ተጨመረበት። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ካፌይክ አሲድ የሚባለው ነው። እሱ ደግሞ በሮቡስታ ስለሚበዛ ለፊልም የሚመረጠው ርካሹና መራራው ቡና ነው። የቡና መገኛ አገር ልጆች ሆነን አረቢካችን በአንድ ነገር መበለጡን መቀበል ከብዶን ነበር። በመጨረሻ ለአረቢካ መጠጣት፣ ለሮቡስታ ማጠብ ይሁን ብለን ተስማማን።

የባለቤቴ እናት ግን አልተስማሙም። «ቡና አፍልታችሁ ጎረቤት ሳትጠሩ ቆርቆሮ ውስጥ ትደፉታላችሁ?» አሉ።

«የሚጠጣ አይደለም እኮ፣ እማማ።»

«ሽታውማ ነግሮኛል፣ ልጄ።»

የቡናና የሶዳው ድብልቅ ሽታ ከባድ መሆኑን አንክድም። እማማ ወዲያው ዕጣን አጫጭሰው ቄጠማ እንዲመጣ አዘዋል። ስለዚህ ሥርዓቱ አልተጓደለም።

ዲቨሎፐር የሚሠራበት መደበኛ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ ቤታችን ያለ ማሞቂያም ያለ ማቀዝቀዣም እዚያው አካባቢ ይውላል። ዱባይ ያለው ወንድሜ ይህን ሙያ ቢጀምር በረዶ ሊገዛ ነው። የውኃ ፈረቃም አያሰጋንም፤ ፊልሙን በመጨረሻ ለማለቅለቅ የእንግሊዙ ፊልም አምራች ኢልፎርድ ያወጣው ዘዴ አለ። ታንኩን ውኃ ሞልቶ 5 ጊዜ መገለባበጥ፣ ደፍቶ እንደገና ሞልቶ 10 ጊዜ፣ አሁንም ደፍቶ 20 ጊዜ። አንድ ሊትር አካባቢ ይበቃል። የሚገለባብጠው ትንሹ ልጃችን ነው፤ ቁጥር የተማረው በዚህ ስለሆነ ከ10 ቀጥሎ ማን ይመጣል ቢሉት 20 ይላል።

የቀረው የሕንፃችን ኮሚቴ ጉዳይ ነው። የማተሚያ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማያይ ሥዕሉን ወረቀት ላይ የምናትመው በቀይ አምፖል ነው። የመታጠቢያ ቤታችን መስኮት በሌሊት ቀልቶ የተመለከቱ ነዋሪዎች የንግድ ፈቃዳችንን ጉዳይ አንስተዋል። ኮሚቴው ማብራሪያ በጽሑፍ ጠየቀን፤ እኛም በጽሑፍ ሰጠን። ሥራው ቤተሰባዊና ጨዋ መሆኑ እንዲታወቅም ሰብሳቢው ደረጃ ላይ ቆመው ያነሳናቸውን ፎቶ በማስረጃነት አያያዝን።

መልሱ በማኅተም ደርሶናል። ማብራሪያውን እንደተቀበሉት፣ ሆኖም በፎቶው ላይ የሚታየው ግለሰብ የሕንፃው ነዋሪ አለመሆኑን ይገልጻል።