የስድስት ዓመት ባለዕዳ

የድሮ የሰፈር ባለሱቅ ስለ ዕዳ አሰባሰብ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዳር ዳሩ በዘይት የወዛ የዱቤ ደብተር አለው፤ እርሳሱ በክር ታስሮበታል። እናት ስኳር አምጣልኝ ብላ ልጇን ስትልክ፣ ሂሳቡ ከልክ አልፎ ቢያገኘው እንኳ ስኳሩን ጠቅልሎ ያስይዘዋል። ማታ እናቲቱ ስታልፍ ጠብቆ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ያቺን ነገር እንዳንረሳት» ይላታል። ልጁ አይሰማም። ምስኪን ባለሱቅ፣ ዕዳ የአዋቂ ነገር ነው ብሎ ነበር የሚያምነው።

አሜሪካ ሄዶ ቢሠለጥን ኖሮ እንዲህ አይሞኝም ነበር። እዚያ በብዙ ትምህርት ቤቶች የምሳ ሂሳብ የሚያዘው በልጁ ስም ነው። የስድስት ዓመቱ ተማሪ ሰልፉን ጠብቆ ትሪውን ያስሞላል፦ ዶሮው፣ የተፈጨው ድንች፣ በካርቶን ያለው ወተት። መጨረሻ ላይ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሲደርስ ቁጥሩን በጣቱ ይጫናል። ማሽኑ «የለህም» ካለ ሥልጣኔ ይጀምራል። በአንዳንዱ ትምህርት ቤት ትሪው ከእጁ ይወሰዳል፤ በምትኩ አይብ የገባበት ቀዝቃዛ ዳቦ ይሰጠዋል። ከኋላው የተሰለፉት ጓደኞቹ ያያሉ፤ ዋናው ትምህርትም ይኸው ነው። ትኩሱ ምግብስ? አንድ ጊዜ የቀረበ ምግብ ለሌላ ልጅ አይሰጥምና ወደ ቆሻሻ መጣያው ይገለበጣል። የሂሳቡን ጥበብ ልብ በሉልኝ። ዕዳው አልተከፈለም፣ ምግቡ አልተረፈም፣ ልጁ ምሳውን አልበላም፣ በዚያ ላይ ዳቦና አይብ ወጪ ሆኗል። የገንዘብ ያዥነት ኮርስ የወሰደ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ትርፍ የሚታየው።

የማወራው ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዩታ ግዛት ሶልት ሌክ ሲቲ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የ40 ያህል ልጆች ምሳ ከእጃቸው ተወስዶ ተጥሏል። በ2019 በሚኒሶታ ሪችፊልድ ከተማ ከ15 ዶላር በላይ ዕዳ ያለባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትኩስ ምሳቸው ዓይናቸው እያየ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። አላባማ ደግሞ የበለጠ ርኅሩኅ ናት። በ2016 በዚያች ግዛት አንድ ልጅ «የምሳ ገንዘብ ያስፈልገኛል» የሚል ማህተም ክንዱ ላይ ተመቶለት ቤቱ ገባ። ማህተሙ ላይ ፈገግ ያለ ፊትም ነበረበት። ጨካኞች ናቸው የሚል ሰው ይህችን ፈገግታ ያስታውስ።

የፔንሲልቬኒያው ግን ሁሉንም ይበልጣል። በ2019 በዚያ ግዛት ያለ አንድ የትምህርት ወረዳ፣ የምሳ ዕዳ ላለባቸው ወላጆች ደብዳቤ ላከ። ፍሬ ነገሩ፦ ልጃችሁን ያለ ምሳ እየላካችሁ ነው፣ ካልከፈላችሁ ፍርድ ቤት ልትቀርቡ ትችላላችሁ፣ ልጃችሁም ተወስዶ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሊሰጥ ይችላል የሚል ነው። የወረዳው ጠቅላላ ዕዳ 22,000 ዶላር ገደማ ነበር። ይህን የሰማ አንድ የፊላደልፊያ ቡና ነጋዴ፣ «ሙሉውን እኔ ልክፈል» አለ። ዕዳ የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ግን አይሆንም አሉ። ወላጆቹ መክፈል ይችላሉ፣ ስለዚህ ይክፈሉ። እልህ ማለት ይህ ነው! በኋላ አገር ምድሩ ሲታዘባቸው ይቅርታ ጠይቀው ገንዘቡን ተቀበሉ እንጂ፣ ታሪኩ እንደ ጅምሩ ቢያልቅ ኖሮ ለመርህ የተከፈለ መሥዋዕትነት ሆኖ ይመዘገብ ነበር። መሥዋዕቱ የሰው ልጅ ምሳ መሆኑ ምን ቸገረው።

ገንዘቡ ያንሳል እንዳይባል፣ መንግሥት ይረዳል። ገቢው ከድህነት ወለሉ 130 በመቶ በታች የሆነ ቤተሰብ ልጅ በነጻ ይበላል። እስከ 185 በመቶ ያለው ለምሳ ቢበዛ 40 ሳንቲም ይከፍላል። ከዚያ በአንድ ዶላር ያለፈ ሀብታም ነው። ሌሊት መኪና እየነዳ፣ ቀን የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ፣ ትርፍ ሰዓት የሠራ አባት ይህቺን ገመድ ከዘለላት፣ የልፋቱ ዋጋ የልጁ ምሳ መሰረዝ ነው። ሥራ ያስከብራል፣ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ግን አያበላም። ክፍያውም ቢሆን በብዙ ቦታ በኢንተርኔት በኩል በሚሰበስቡ ድርጅቶች ነው። የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2024 እንደዘገበው፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረጡ የሚከፍሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በአንድ ዶላር ላይ እስከ 60 ሳንቲም የአገልግሎት ክፍያ ሊወጣባቸው ይችላል። ድሃ መሆን ውድ ነገር ነው፣ ደረሰኙም በኢሜይል ይመጣል።

ስለ ምግቡ ጥራት ደግሞ አትጨነቁ፣ ሕግ አውጪዎቹ እየተጨነቁበት ነው። በ1981 የሬገን መንግሥት የምሳውን በጀት ከቆረጠ በኋላ የግብርና ሚኒስቴሩ አንድ ረቂቅ አወጣ፤ አንዳንድ ማባያዎች እንደ አትክልት ይቆጠሩ የሚል። ወረቀቱ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ የተከተፈ ኪያርን ነበር የጠቀሰው፣ አገሩ ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ካቻፑን ነው። ሳቁ ስለበዛ ረቂቁን በዚያው ወር ሰበሰቡት። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2011፣ የቀዘቀዘ ፒዛ አምራቾች ጉዳዩን በጨዋነት ጨረሱት። በምክር ቤቱ ውሳኔ ፒዛው ላይ የሚቀባው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ግማሽ ኩባያ አትክልት መባሉ እንዲቀጥል ተደረገ። ገበሬው ያላመረተውን ምክር ቤቱ አመረተው።

አስቂኙ፣ ይህ ሁሉ የተጀመረው በቁም ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማሩት ትምህርት ነበር፤ ለውትድርና ከተጠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በልጅነታቸው በደንብ ባለመብላታቸው ሳይበቁ ቀሩ። ሃሪ ትሩማን በ1946 የፈረሙት የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ልጅን ማብላት የአገር ደህንነት ጉዳይ ነው ብሎ ይነሳል። እንግዲህ የአገር ደህንነት 15 ዶላር ዕዳ ሲኖርበት ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ይህችው አሜሪካ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ተማሪዎችን ስትመግብ ኖራለች፣ መክጋቨርን ዶል በሚባለው ፕሮግራሟ። ስሙ የሁለት ሴናተሮች ነው፤ አንዱ በ1972፣ ሌላው በ1996 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው የተሸነፉ። (ልጅ ማብላት የተሸናፊ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።) የአፋሯ ተማሪ የምስጢር ቁጥር አትጫንም፣ ክንዷ ላይ ማህተም አይመታም፣ አባቷም ስንት ግመል አለህ ተብሎ ቅጽ አይሞላም። አዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ያሉትን ልጆች ያለ ሂሳብ ታበላለች፤ ድስቱ ከልጆቹ በፊት ለካሜራ መቅረቡ ሌላ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ለአላባማው ልጅ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ሙቀቱን ከቻለ አፋር መጥቶ ይመዝገብ፣ የአገሩን ምሳ እዚህ በክብር ይበላል።

ምቀኛ ግን አይጠፋም፣ ይህን ያማረ ሥርዓት የሚያበላሹ ሰዎች ተነስተዋል። በልጅነቱ ምሳውን ለማግኘት የትምህርት ቤቱን ምግብ ቤት ወለል ይወለውል የነበረ ማይክል ፓዲያ የሚባል ሰው፣ አድጎ በኒው ሜክሲኮ የግዛቱ ምክር ቤት ሴናተር ሆነና እ.ኤ.አ. በ2017 ልጅን በምሳ ዕዳ ማሸማቀቅ የሚከለክል ሕግ አስወጣ። በሚኒሶታ ሴይንት ፖል ደግሞ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ኃላፊ ነበር፤ የ500 ልጆችን ስም ከነማይስማማቸው ምግብ በቃሉ የሚያውቅ። ማሽኑ «የለህም» ሲል ከራሱ ኪስ ይከፍል ነበር። በ2016 መኪናውን አስቁሞ ፖሊስ ገደለው። ከሞቱ በኋላ በስሙ በተሰበሰበ ገንዘብ የከተማው ተማሪዎች የምሳ ዕዳ ተከፈለ።

በዚያችው ሚኒሶታ በ2023 ለሁሉም ተማሪ ቁርስና ምሳ በነጻ ይሁን የሚለው ሕግ ሲቀርብ፣ የግዛቱ ሴናተር ስቲቭ ድራዝኮውስኪ ተነስተው በሚኒሶታ የራበው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም አሉ። እውነታቸውን ነው። የራበው ልጅ ምክር ቤት አይመጣም፤ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ነው። ሕጉ አለፈ፣ ገዥው ቲም ዎልዝም ፈረሙበት። ካሊፎርኒያ፣ ሜይን፣ ኮሎራዶና ሌሎች ጥቂት ግዛቶችም ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። በቀሩት ግዛቶች ብዙ ትምህርት ቤቶች አሁንም ማሽኑን ይጠይቃሉ።

በእነዚያ ግዛቶች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ቢሆንም ጉዳዩ አይመለከተንም አትበሉ። የነጻ ምሳውን ቅጽ ሙሉ፤ ለማኝ አያሰኝም፣ በግብራችሁ የተከፈለ ነው። የትምህርት ቤት ቦርድ አባላት በአብዛኛው በምርጫ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው፣ ስብሰባቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው። የመናገር ተራ ሲሰጣችሁ ሌላ ንግግር አያስፈልግም፤ ባለፈው ዓመት ስንት ትሪ ምግብ እንደጣሉና ከዚያ ስንት ዶላር ዕዳ እንደሰበሰቡ ጠይቋቸው፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ።