ገንዘብ ያጠብኩ ዕለት

ገንዘብ ማጠብ ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ያጠብኩት በሳሙና ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ፣ በሙቅ ውሃ፣ ከሦስት ካልሲና ከአንድ ሱሪ ጋር።

ነገሩ የጀመረው በሳንድዊች ነው። ዋሽንግተን የማኅበራት ከተማ ናት። ዶሮ አርቢው ማኅበር አለው፣ ባንኩ ማኅበር አለው፣ መድኃኒት ፈብራኪው ማኅበር አለው። ማኅበር ካለ ስብሰባ፣ ስብሰባ ካለ ምሳ አይጠፋም። ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የትኛው አዳራሽ መቼ እንደሚያበላ አሳምሬ አውቃለሁ። የብሎክቼይን ሰዎችም ከዚህ ወግ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2014 ፔሪያን ቦሪንግ የዲጂታል ንግድ ምክር ቤት የተባለውን እዚሁ ከተማ መሠረተች፤ በ2018 ደግሞ የብሎክቼይን ማኅበር የሚባል ሌላ ተከተለ። ሥራቸው እንደራሴዎችን ደጅ መጥናት፣ “ይህ ነገር ቁማር አይደለም” እያሉ ማስረዳትና ደጋፊ ማብዛት ነው። እኔን የሳበኝ ግን ከሁለቱም ያልሆነ፣ ስሙን የማልጠራው ስብሰባ ነበር። ያደረስኩት ተሳፋሪ ሲወርድ “ግባ፣ ለሁሉም ክፍት ነው” አለኝ። ገባሁ።

በሩ ላይ ስሜን ጽፈው ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ። ስሙ የተለጠፈበት ሰው በልቶ መሹለክ ያፍራል። ቀጥለው ካናቴራ ሰጡኝ። የሚካኤል ማኅበር በሚጠጣበት ቤት ላደግሁት ለእኔ ይህ አዲስ አይደለም፤ ጽዋው የሚዞረው ሰው እንዲከርም ነው።

መድረክ ላይ የቆመው ወጣት “ማንንም ማመን አያስፈልግም!” ይላል። ብሎክቼይን የሚሉት መዝገብ በአንድ ጸሐፊ እጅ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ ይይዛሉ። በቢትኮይን ቤት በየ10 ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይታከላል፤ እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ ማኅተም ተሸክሞ ይመጣል። አንዲት ፊደል የፋቀ ከዚያ ወዲህ ያለውን ማኅተም ሁሉ ያፈርሳል። “ማንንም ማመን ካላስፈለገ ይህ ሁሉ ካናቴራ ለምን አስፈለገ?” ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ አፌ ሙሉ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ ለእንደራሴዬ የሚላክ ደብዳቤ ተጽፎ አልቆ ፊርማዬን ይጠብቃል። ሰናፍጭ በነካ እጄ ፈረምኩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ዋጋቸው ከዶላር ጋር የተቆራኘ ዲጂታል ገንዘቦችን የሚመለከተው ሕግ በፕሬዚዳንቱ ሲፈረም፣ የእኔም አሻራ እንዳለበት ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። አላመነችኝም።

ቡና የሚቀዳው ልጅ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ። እ.ኤ.አ. በ2021 የትምህርት ሚኒስቴር ከአንድ የብሎክቼይን ኩባንያ ጋር፣ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚህ መዝገብ ለመያዝ መስማማቱን እሱ ነገረኝ። “አገርህ እኮ ቀድማናለች!” እኔ ዲፕሎማዬ ላይ ማኅተም ለማስመታት የተሰለፍኩባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝና ዝም ብዬ ጠጣሁ።

በዚያው ስልኬ ላይ ቦርሳ ከፈተልኝ፤ የ5 ዶላር ቢትኮይንም ላከልኝ። “ቁልፉ እነዚህ 12 ቃላት ናቸው” አለኝ። ስልኩ ከ2048 የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል በዕጣ ያወጣቸው ናቸው። “ወረቀት ላይ ጻፍ። ለማንም አታሳይ። አትጣል።” ጽፌ ኋላ ኪሴ ከተትኩ።

በሳምንቱ ስልኬን የመኪናው ጣሪያ ላይ ረስቼ ጆርጂያ ጎዳናን ይዤ ነጎድኩ። አዲስ ስልክ ገዝቼ ወረቀቱን ስፈልግ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ወጣ። ከ12ቱ ቃላት የሚነበቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ “ዝሆን” እና “ሾርባ”።

ለልጁ ደወልኩ። “ማንን ልለምን?”

“ማንም የለም” አለ በትሕትና። “ውበቱ እሱ ነው።”

አምስት ዶላር ሰው አይገድልም። ያንገበገበኝ የምለምነው ሰው ማጣቴ ነው። እሑድ እቁብ ስሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ፤ የጸሐፊያችን የእትዬ ደብተር ላይ ወጥ ተደፍቶ የጥቅምቱ ገጽ ጠፍቷል። ማንም አልደነገጠም። 23 ሰው በየተራ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ፣ ያልከፈለው ምን ብሎ እንደማለ ሳይቀር ዘረዘረ። ወጣቱ በመድረኩ የነገረኝ መዝገብ ይኸው ነበር፤ በ23 ራስ ተገልብጦ የተቀመጠ። ሁሉም ራስ ደግሞ በእኔ ዕዳ ላይ ተስማማ።

የዝሆኑንና የሾርባውን ነገር ተናዘዝኩ። ዳኛችን እስኪያስላቸው ሳቁና “በል፣ የጥቅምቱን ለሳምንት አምጣ” አሉኝ። ይህችን ቃል 2048ቱም ውስጥ ፈልጌ የማገኛት አይመስለኝም።

በሳምንቱ ገንዘቡን ይዤ ስቀርብ ያንኑ ካናቴራ ለብሼ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ደረቴ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ።

“ምን ይላል ልጄ?”

“አትመን፤ አረጋግጥ፤ ይላል።”

ቀና ብለው አዩኝ፤ ቆጥረው የጨረሱትን ብር መልሰው ከሥሩ መቁጠር ጀመሩ።