ዱሪያን ይዞ መግባት ክልክል ነው

በሲንጋፖር የባቡር ጣቢያዎች የተለጠፈው የክልከላ ሰሌዳ ምሕረት አያውቅም። ሲጋራ ያጨሰ 1,000፣ የበላ ወይም የጠጣ 500፣ ተቀጣጣይ ነገር ይዞ የገባ 5,000 የአገሩ ዶላር ይቀጣል። ከነዚህ ጋር በቀይ የተሰረዘ የእሾሃሙ ፍሬ የዱሪያን ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ግን ተመን አልተጻፈም። ዱሪያን ይዞ ለተሳፈረ ሰው የመንገደኛው ግልምጫ ይበቃዋል ተብሎ ሳይሆን አይቀርም።

የዱሪያንን ኃይለኛ ጠረን የሚያመጡት የድኝ ውህዶች ናቸው። ጋዝ ሲፈስ እንዲታወቅ የሚጨመርበት ሽታም ከዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 ሚያዝያ ወር በሜልበርን አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት "ጋዝ ፈሰሰ" ተብሎ ከ500 በላይ ሰው ሲወጣ ማንም አልሳቀም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭምብል አጥልቀው ሲያስሱ ያገኙት ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ የበሰበሰ ዱሪያን ነበር። በ2020 ደግሞ በጀርመን ሽቫይንፈርት ከተማ ፖስታ ቤት የደረሰ ጥቅል 12 ሠራተኞችን አቅለሸለሸ፤ ስድስቱ ሆስፒታል ገቡ። በጥቅሉ ውስጥ አራት ዱሪያን ተገኘ። ፖስታ ቤቱም አደራውን አልበላም፤ ለባለቤቱ አደረሰለት።

ዛፉም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ቁመቱ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። አበባው የሚፈካው ሲመሽ ስለሆነ ዋና እንግዳው የሌሊት ወፍ ናት፤ የአበባውን ወለላ ልትጠጣ መጥታ ዱቄቱን ከዛፍ ዛፍ ታዳርሳለች። ፍሬው ሁለትና ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ ሲበስል ራሱ ይወድቃል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሌሊት። የማሌዥያ ገበሬዎች ከዛፉ ሥር መረብ ዘርግተው ይጠብቁታል፤ በወቅቱ ሄልሜት ሳያጠልቅ ከዛፉ ሥር የሚዘዋወር ደፋር ነው። ታይላንዶች ግን እስኪወድቅ አይጠብቁም። አንዱ ወጥቶ ይቆርጣል፤ ሌላው ከታች ጆንያ በሁለት እጁ ወጥሮ ሽቅብ ያያል፣ የተወረወረውንም እሾህ በጆንያው ጠቅልሎ ይቀልባል።

የብሪታንያው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ መላካ ላይ ቤት ውስጥ ሲቀርብለት ጠረኑ አላስቀመጠውም። ቦርንዮ ላይ ግን መሬት የወደቀ የበሰለ ፍሬ አግኝቶ እዚያው ደጅ በላው፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የዱሪያን ወዳጅ ሆኖ ቀረ። በ1869 ባሳተመው መጽሐፉም አወድሶታል።

ዛሬም ወዳጆቹ ደጅ ነው የሚበሉት፤ ብዙ ሆቴሎች አያስገቡትማ። የመንገድ ዳር ሻጩ ጓንት አጥልቆ ፍሬውን በቢላ ይፈለቅቃል፣ ደንበኛው ለስላሳውን ቢጫ ሥጋ በእጁ እያነሳ ይጎርሳል። ሲጠግብ ባዶው ቅርፊት ውስጥ ውኃ ይሞላና ይታጠብበታል፤ የእጅን ሽታ የሚያስለቅቀው የራሱ ቅርፊት ነው ይላሉ። ለትንፋሹ ግን ሻጩም መላ የለው።