ድልድዩ አለ፣ ወንዙ ወጥቷል

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ድልድይ ስናይ ቶሎ የምንይዘው አፍንጫችንን ነው። የቀበና ልጅ የወንዝ ዳር ሽርሽር የሚያውቀው ትንፋሹን ውጦ በመሮጥ ነው። ነገሌ ቦረና ስሄድም መሐረቤን አዘጋጅቼ፣ ያስተናገዱኝን ሽማግሌ «ጋሼ፣ እስቲ ወንዛችሁን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«የትኛውን? ያለውን ነው የሌለውን?»

ያለው ገናሌ ነው። ከደጋው ወርዶ፣ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ይገናኝና ጁባ ተብሎ፣ ፓስፖርት ሳይጠየቅ ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እሱ ለእግረኛ ሩቅ ስለሆነ ወደሌለው ሄድን።

የሌለው ወንዝ ድልድይ አለው። ከላይ አይሱዙ ያልፋል፣ ከታች ፍየል። ድልድዩ ሰውን የሚያሻግረው ከዳር ወደ ዳር ሳይሆን ከፀሐይ ወደ ጥላ ነው። ሴቶች አሸዋውን ጭረው ውኃ ይቀዳሉ። እኔም ጥላው ሥር አረፍ ልል ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙ፦ «ተነስ ልጄ! ባለቤቱ ሲመጣ አያንኳኳም።» እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል ለካ።

«ድልድይ ከወደድክ ዱብሉቅ ሂድ» አሉኝ ደግሞ። እዚያ ድልድዩ ሽቅብ የቆመ ነው፣ ከሰው የተሠራ። ቱላ ከሚባሉት የውኃ ጉድጓዶች እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። ጎረምሶቹ ከሥር እስከ አፍ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚያስከብሩት አባ ሄሬጋ የሚባሉት ናቸው። አንድ አባ ሄሬጋ ለሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ቢመደቡልን ስንቱ ጉልቤ ልክ በገባ ነበር!

ለመሆኑ የሌለ ውኃ ምን ያህል ሩቅ ይሄዳል? ከነገሌ እስከ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። በጥር 1966 እዚሁ ነገሌ የሰፈረው ብርጌድ የውኃ ፓምፑ ተበላሸ። ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ቀድሞም ምግቡ አንገፍግፏቸው ነበርና አመፁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን «እስቲ አጣራ» ብለው ላኩ። ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው ማጣራቱን በአፋቸው አስጀመሯቸው፤ የእነሱን ምግብ አበሏቸው፣ የእነሱን ውኃ አጠጧቸው። አመፁ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛምቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ለዘውዱ መውደቅ የታሪክ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ መሬት፣ ረሃብ፣ የነዳጅ ዋጋ። እኔ ግን ፓምፑን ከዝርዝሩ ፍቄ አላልፍም። መንግሥት ለሚታይ ውኃ ድልድይ ይሠራል፤ የጠፋ ውኃን ግን «ይታያል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አሁን «ቧንቧችን ከደረቀ ሰነበተ» የሚል ማመልከቻ ላይ የሚያንቀላፋ ሹም ባየሁ ቁጥር፣ ክንዱን ይዤ «ተነስ ወንድሜ፣ ደራሽ ነው!» ልለው ይቃጣኛል።