ወደ ፊት እያየህ አውራ

እንግሊዝኛ ለመማር ካምፓላ እሄዳለሁ ስል ዘመድ አዝማዱ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለ። ለነሱ ውጭ አገር ማለት ለንደን ነው፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ደብሊን። የለንደን ኑሮ በፓውንድ መሆኑን፣ የኔ ኪስ ደግሞ ብር እንኳ በቅጡ እንደማይዝ ማንም አያነሳም። አጎቴማ "ኢዲ አሚን ያለበት አገር?" አሉኝ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1979 ከሥልጣን ተባሮ በ2003 ሳዑዲ ውስጥ መሞቱን ብነግራቸው "እሱን ማን ያምናል!" ብለው ዘጉት።

ኡጋንዳ እኮ ፍርድ ቤቱም፣ ፓርላማውም፣ ትምህርት ቤቱም በእንግሊዝኛ የሚሠራባት አገር ናት። ከቦሌ ኢንቴቤ ደግሞ የሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ችግሩ ያረፍኩት ካባላጋላ መሆኑ ላይ ነው፤ የሐበሻ ሰፈር! ጠዋት ቡና በአማርኛ፣ ምሳ ሽሮ በትግርኛ፣ ማታ የኪራይ ጭቅጭቅ በሁለቱም። እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ከሰፈሩ ለመውጣት ብቻ ነው።

ለመውጣት ደግሞ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ዋንዴጌያ ልሄድ ሞተሩ ኋላ ተፈናጠጥኩ። የሚነዳው ልጅ ወሬ ይወዳል፤ እኔም የመጣሁት ወሬ ፍለጋ ነው። ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ ሌሊቱን ሳጠና ያደርኩትን ረጅም ዓረፍተ ነገር ለቀቅኩት። ደስ አለው። ደስ ሲለው ግን አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚያወራው፤ ለእንግዳ ጀርባ መስጠት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ይመስላል። ሞተሩ ወደ ፊት ይበራል። መኪናው ሁሉ ግራውን ይዞ ስለሚሄድ፣ ቀኝ ለለመደ ሰው የሚመጣው ሁሉ እሱን ብሎ የመጣ ነው የሚመስለው። ሰዓት ማማው ጋ ስለ እንጀራ ሳብራራለት ሰማያዊ ዳማ የተሳለበት ነጭ ሚኒባስ ጉልበቴን ታክኮ አለፈ። መልሴ በረዘመ ቁጥር ዕድሜዬ እንደሚያጥር ያኔ ገባኝ።

"አገርህ ትልቅ ነው?"

"የስ።"

"ከዚህ ይበርዳል?"

"የስ።"

"ሚስት አለችህ?"

"የስ።" የለችኝም። ግን የለችኝም ብል "ለምን?" ሊል ይዞራል።

ዋንዴጌያ ከነነፍሴ ወረድኩ። ልጁ ከልቡ አዘነልኝ መሰለኝ፣ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልሎ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ወስዶኝ በሉጋንዳ አደራ አለው። እጁን ሲያወናጭፍ ነገሩ ገባኝ፤ ይህ እንግዳ እንግሊዝኛ አይችልም ማለቱ ነው። ሻጩ ከምጣዱ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለያየ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፦

"አንድ እንቁላል ነው ሁለት?"

እግሬ ገና ይንቀጠቀጣል።

"የስ" አልኩት።