ከናፍቆታችሁና ከኤሲው በስተቀር ደህና ነኝ

ሲያትል፣ ጥር

ይድረስ ለእማዬ፣ ለአባዬ፣ ለእትዬ፣ እንዲሁም ስልክ ሲደወልለት ኔትወርክ ለሚጠፋበት ለማሙሽ፤

እኔ ከናፍቆታችሁና ከኤሲው በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

እትዬ፣ በድምፅ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «የደብረ ብርሃን ልጅ! በውርጭ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው አሜሪካ ገብቶ ሞልቃቃ ሆነ» ብለሽ ስትስቂ ከኋላሽ የእማዬ ሳቅም ይሰማል። ይመዝገብልኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ እኮ ጨዋ ነው፤ ጠዋት ቆንጥጦ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታስታርቃለች። የዚህኛው ግን እርጥብ ነው፤ 3 እና 4 ዲግሪ ላይ ቆሞ ካልሲ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ያውም ወጥታ ከሆነ።

ቤቱን ያከራዩኝ ሰውዬ የአገራችን ሰው ናቸው። ጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 42 ዲግሪ ገብታ ከተማው በሙሉ ሲቀቀል፣ ሳይወዱ በግድ ሚኒ ስፕሊት የሚባለውን ኤሲ አስገጠሙ። አንዱ ነጭ ሣጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ትልቁ ውጭ ይቀመጣል፣ መሐላቸው የመዳብ ቱቦ አለ። አባዬ ይህን እንደማያምኑኝ አውቃለሁ፤ ዕቃው እሳት የለውም። ውጭ ካለው ቀዝቃዛ አየር ላይ ያለችውን ሙቀት ለቃቅሞ፣ ቱቦው ውስጥ በሚዞረው ጋዝ አሸክሞ ወደ ቤት ያስገባል። ሲሞቅ ደግሞ ገልብጦ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። «ከብርድ ሙቀት? እንግዲህ ከበሬም ወተት አልባለሁ በለና!» ሲሉኝ ከዚህ ይሰማኛል።

ችግሩ፣ የእኛው ኤሲ ሁለቱንም ተወ። ሐምሌ ላይ አላቀዘቅዝ ሲል ለባለቤቱ ደወልኩ፤ «መስኮት ክፈት» አሉኝ። ኅዳር ላይ አላሞቅ ሲል ደወልኩ፤ «ጃኬት ልበስ» አሉኝ። እኒህ ሰው መድኃኒት የማያውቁለት በሽታ የለም፤ ሁሉም በነፃ ነው።

እናም ገና ደረሰ። ጓደኞቼ ዶሮውንም ድፎውንም ይዘው መጡ፤ ፕላስቲክ ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ቡና ተቆላ። ሰው ሁሉ ግን ካፖርቱን አላወልቅ አለ። «ኤሲው ምን ሆኖ ነው?» አለ አንዱ። እዚህ አገር አምስት ሐበሻ በተቀመጠበት ሦስቱ ኢንጂነር መሆናቸውን ረስቼ መልስ ሰጠሁ።

መጀመሪያ ታክሲ የሚነዳው ሪሞቱን ተቀበለኝ። «የበረዶ ምልክት ላይ ከሆነ ያቀዘቅዛል፣ የፀሐይ ምልክት ላይ ከሆነ ያሞቃል» ብሎ መነጽሩን አወጣ። ፀሐይ ላይ ነበር። ዲግሪውም ከክፍሉ ሙቀት በላይ ተሞልቷል። አዝኖ መለሰልኝ።

ቀጥላ ነርሷ ተነሣች። የኤሲው አፍ ላይ እጇን አድርጋ «ትኩሳት የለውም» አለች፤ ክዳኑን ከፍታ ፊልተሮቹን መዘዘች። ከእኔ በፊት የነበሩት ተከራዮች ዕጣንና ቁሌት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። ለብ ባለ ውኃ አጥባ፣ በሰፌድ አራግባ አድርቃ መለሰችው። እውነት ለመናገር ትንፋሹ በእጥፍ ጨመረ። ብርዱም በእጥፍ ጨመረ።

ሦስተኛው ኢንጂነሩ ነው፤ የምር ኢንጂነር ነው፣ የመንገድ። «ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ይረፍ» ብሎ ብሬከሩ ጋ ሄደ። ፍሪጁን አጠፋ፤ ቀጥሎ መብራቱን አጠፋ፤ በመጨረሻ ኤሲውን አገኘው። በጨለማው መሐል ከጓደኞቼ አንዱ ዲያቆን ነውና ዝም ብሎ ወጥቶ የውጪው ሣጥን ላይ ጸበል ረጨበት። ሣጥኑን በረዶ አልብሶት ነበርና ጸበሉም እዚያው በረዶ ሆነ።

ኃይሉ ተመለሰ፣ ኤሲው ተነሣ፣ ሁለተኛው ቡና ቀረበ። ኋላ ላይ ግን የውስጡ ነፋስ ድንገት ቀጥ አለ፤ ውጭ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ተሰማና ከሣጥኑ ነጭ ጭስ ወደ ሰማይ ተነሣ። ዲያቆኑ «ወጣ!» ብሎ አማተበ። ከፊት ለፊት ያለችው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ከ«ሃይ» በቀር ቃል ያልወጣት ባልቴት ግን ለሰይጣን አልሰጠችውም፤ እሳት አደጋ ጠራች።

ቀዩ መኪና እያንባረቀ መጣ። ራሱ ከበሩ በላይ የሆነ ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ፣ ከነቦቱ ቄጤማው ላይ ቆመ። እኛ ምን እናድርግ? እንግዳ ነው፤ «ኖር!» ብለን ሁላችንም ብድግ አልን። ሰውዬው ልንሸሽ መስሎት «ተረጋጉ!» እያለ ይጮኻል፤ ቡና የምታፈላው ደግሞ ወንበር እየሳበችለት «ሦስተኛውን ሳይጠጣ አይወጣም» ትላለች። አለቃቸው በባትሪ የውጪውን ሣጥን አይቶ እየሳቀ ተመለሰ። ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። ዕቃው ውጭ በረዶ ሲይዘው ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን ገልብጦ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ ልኮ ራሱን ያቀልጣል፤ ያን ጊዜ ውስጥ ነፋስ ያቆማል። ደንቡ ነው። ኢንጂነሩ ይህን ሲተረጉም «እኔም እኮ ይህንኑ ልላችሁ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ባለመጥረቢያው ቡናውን አንድ ፉት ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ሬዲዮው ሲጠራው በግራ እጁ ድፎ፣ በቀኙ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ዲያቆኑ እስከ ዛሬ በጸበሉ እንደሆነ ይናገራል። እማዬ፣ አንቺ የማን ወገን እንደምትሆኚ ስለማውቅ አልጠይቅሽም።

ሁሉም ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይላል። እኔ ስተኛ እናንተ ቁርስ ላይ ናችሁ፤ ደውዬ ምን እላለሁ? አንዳንዴ ሪሞቱን አንስቼ ኤሲውን «እንዴት ዋልክ?» እለዋለሁ፤ «ቲት» ይላል። ከማሙሽ ይሻላል፣ ቢያንስ ይመልሳል።

የእሳት አደጋ መኪና ደጃቸው መቆሙን የሰሙት ባለቤት ግን በማግስቱ ቴክኒሻን ላኩ። ሰውዬው ወሬ የለውም። «በረዶ ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል?» አለኝ፤ አዎ አልኩት። ቱቦዎቹ የሚታሰሩበት ብሎን ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አረፋው ከአንድ ጥግ ፊኛ እየሠራ ተነፋ። ጋዙ በዚያ ሲያመልጥ ኖሯል፤ ሐምሌ ላይ ያላቀዘቀዘውም፣ አሁን ያላሞቀውም በዚሁ ነው። ኢንጂነሩ «ጋዝ ገዝተን እንሙላው» ሲል አምሽቶ ነበር፤ ለካ እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ጋዙን መንካት በሕግ ክልክል ነው። ቴክኒሻኑ የቱቦውን አፍ አስተካክሎ አሰረ፣ ውስጡ የቀረውን አየር በፓምፕ መጦ አወጣ፣ ጋዙን በሚዛን መዝኖ ሞላ። ሲወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ይሄ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ፣ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ሳይደፍኑ መሙላት ገንዘብ ወደ ሰማይ መርጨት ነው።»

ማሙሽ፣ ይህን ያህል የጻፍኩት ላንተ ነው። በየወሩ በአንተ በኩል የምልከው ገንዘብ እንደተላከ አይቃጠልም። አባዬ ይጠገንበት የተባለው ጣሪያ ያው ነው ይላሉ፤ እትዬ አልደረሰኝም ትላለች፤ እማዬ «ልጄን አታስጨንቁት» ብላ ዝም ታሰኛለች። በዚያው ገንዘብ የተገዙትን ዶሮዎች ነገር አላነሣም፤ እነሱ አርፈዋል። እንግዲህ የሚያፈሰውን ቦታ ፈልገህ በዚህ ሳምንት ጻፍልኝ፤ ሳይደፈን አልሞላም።

ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ